አያ ሞላ የጠየቀኝ ጥያቄ

ነገሩ የደረሰብኝ በሰማንያዎቹ ማብቂያ፣ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት፣ ከፃግብጂ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ ነው። ደረሰብኝ ማለት ይቀለኛል፤ ግማሹን ግን ያደረስኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን የሆነውን የምናውቅ ሦስት ሰዎች ነበርን። ሁለቱ ሞተዋል።

እስካሁን የተናገርኩት ለንስሐ አባቴ ብቻ ነው። እሳቸውም ስም ሳትጠራ ጻፈውና ይቅለልህ አሉኝ። ስለዚህ የራሴን ስም እዚህ አልጽፍም። ሞላ የምለው ሰውም ስሙ ሞላ አልነበረም። ሌላው ሁሉ እንደሆነው ነው።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በእንስሳት ጤና የአንድ ዓመት ሥልጠና ወስጄ፣ የምስክር ወረቀቴን በፌስታል ጠቅልዬ እናቴ ቤት ከተቀመጥኩ ዓመት ከመንፈቅ አልፎኛል። ሰቆጣ ላይ አንድ የእርዳታ ድርጅት አማርኛም አገውኛም የሚናገር አንድ የመስክ ሠራተኛ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ተመዘገብኩ፣ የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ፣ ለቃለ መጠይቅ ከተጠራነው ሦስት ሰዎች አንዱ ሆንኩ። ይህ ካመለጠኝ የሚቀረኝ ሁመራ ወርዶ ሰሊጥ ማጨድ ነበር።

ሰቆጣ የሚኖር አንድ አብሮ አደግ ነበረኝ። ደሴ ላይ ሦስት ጊዜ ቃለ መጠይቅ ተፈትኖ ሦስቴም ስለወደቀ ጥያቄዎቹን ከማንም በላይ ያውቃቸዋል። አስሩን በአንድ ወረቀት ጻፈልኝ። ስለ ራስህ ንገረን። ለምን ከእኛ ጋር መሥራት ፈለግህ? ጠንካራ ጎንህ ምንድን ነው? ደካማ ጎንህስ? ከሰው ጋር ብትጋጭ እንዴት ትፈታዋለህ? እንዲህ እያለ ይወርዳል።

ዋናው ምክሩ ግን ድምፅ ላይ ነበር። እኛ የዋግ ልጆች ባለሥልጣን ፊት ስንቆም መሬት እያየን እንደምናጉተመትም፣ ፈታኞች ደግሞ ይህን እንደማይወዱ ነገረኝ። ስምህን እስከ አያትህ፣ አገርህን እስከ ጎጥህ፣ ቀና ብለህ፣ ጮክ አድርገህ ተናገር አለኝ። ሳታስበው ከአፍህ እስኪወጣ ድረስ አጥናው አለኝ።

አጠናሁት። እንጨት ስፈልጥም፣ አረም ስነቅልም፣ ከብት ውሃ ሳጠጣም እለፈልፋለሁ። እናቴ በመጀመሪያ እየሳቀች ታዳምጠኝ ነበር። ደካማ ጎንህ ምንድን ነው የሚለው ጋ ስደርስ ለማያውቀው ሰው ድክመቱን የሚናገር ምን ዓይነት ጅል ነው ብላ ተቆጣች። መልሱ እውነት አለመሆኑን፣ ሥራ ጀምሬ ካልጨረስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም እንደምል ስነግራት ቀለል አላት። ስለ ራስህ ንገረን የሚለውን መልስ ስትሰማ ግን ፊቷ ጠቆረ።

"ይህንን እዚያው ቢሮ ገብተህ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ ተናገረው" አለችኝ።

ምክንያት ነበራት። እኛ ቤት ደም አለ። እኔ ገና ልጅ ሳለሁ የአባቴ ታላቅ ወንድም ከአበርገሌ ጋር በምንዋሰንበት በኩል በግጦሽ ተጣልቶ ሰው ገደለና ጠፋ። ሱዳን ገባ ተባለ። ገዳይ ሲጠፋ ደሙ ለቀረው ወንድ ይተርፋል። አባቴን በሽታ ቀደመው፤ ከዚያ በኋላ በቤቱ የቀረሁት ወንድ እኔ ነበርኩ። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ገብቶ የሟች ወንድሞች አሻፈረን ብለዋል።

ስለዚህ እናቴ ከሕፃንነቴ ጀምራ ሁለት ነገር አስተምራኛለች። አንደኛው፣ መንገድ ላይ የማን ልጅ ነህ የሚል ሰው ከመጣ የእሷን አባት ስም መጥራት፣ አገርን ሰቆጣ ዙሪያ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ከማላውቀው ሰው ጋር አለመብላት ነው። በእኛ አገር ደመኛና ደመኛ አንድ ገበታ አይቀርቡም፣ ከአንድ ቅል ውሃ አይጠጡም። ከቀረቡ ወይ እርቅ ነው፣ አለዚያም ትልቅ ነውር ነው።

ቃለ መጠይቁ ሐሙስ ጠዋት ነበር። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። ነጭ ሸሚዜን ለብሼ፣ ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ፣ የምስክር ወረቀቱን በብብቴ ይዤ ወጣሁ። እናቴ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ሸኘችኝ፤ ያንኑ ምክሯን ደገመችልኝ። እሺ እሺ አልኳት። የሰማሁ መስሎኝ ነበር።

ረፋድ ላይ ሁለት ፍየል የሚነዳ ሰው ደረስኩበት። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ጠይም፣ ረጅም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ዱላው በትከሻው ተጋድሟል፤ ወገቡ ላይ በአፎት የገባች ቢላዋ አለች። እንደዚያ ያልታጠቀ ወንድ በእኛ መንገድ ስለሌለ አላስደነገጠኝም። ሞላ እባላለሁ፣ ከቆላ ነው የመጣሁት፤ አንተስ የማን ልጅ ነህ አለኝ። እኔ ደግሞ እንደተማርኩት የእናቴን አባት የአባቴ ስም አድርጌ ነገርኩት። ሰቆጣ ዙሪያ ነኝ አልኩት። የተባረኩ ሰው ልጅ ነህ አለኝ። አያቴን አያውቃቸውም፤ ለወጉ ነው።

አብረን ሄድን። ልጁ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ልትገባ ስለሆነ ፍየሎቹን ሸጦ ደብተርና ጫማ ሊገዛላት መሄዱ ነው። ስለ እሷ ሲያወራ አፉ አያርፍም። እሱ ራሱ ፊደል አልቆጠረም፤ እሷ እንዲያነብለት ይፈልጋል። እውነቱን ለመናገር ወደድኩት። አባቴ በሕይወት ቢኖር እንደሱ ቢሆን ብዬ ማሰቤን አስታውሳለሁ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን አንድ ወንዝ ደረስን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ውሃው ጉልበት ይደርሳል። በዳሩ በለስ አለ። አያ ሞላ በቢላዋው እየላጠ ያቀብለኝ ጀመር። እሾሁ እንዳይወጋኝ በቅጠል ይዞ ነበር የሚሰጠኝ። ቀጥሎ ከስንቁ የማሽላ ቂጣ ቆርሶ አጎረሰኝ። በቅሉ ውሃ ቀድቶ መጀመሪያ እኔን አጠጣኝ፣ ከዚያ ጠጣ። የእናቴ ሁለተኛው ምክር ትዝ ቢለኝም ይህንን ሰው እንቢ ማለት አፈርኩ።

ከበላን በኋላ ወረቀቴን አወጣሁና እያጉተመተምኩ ማጥናት ጀመርኩ። ምንድን ነው አለኝ። ነገርኩት። በጣም ደስ አለው። እኔ ፈታኝ ልሁን፣ አንተ መልስ አለና ድንጋይ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ጋቢውን እንደ ትልቅ ሰው አጣፋ። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አነበብኩለት፤ እሱም ይደግማቸዋል።

ስለ ራስህ ንገረን የሚለው ቀላል ስለመሰለኝ ዘለልኩት። ስለ ደካማ ጎኔ የሰጠሁትን መልስ ሲሰማ ይህማ ራስን ማወደስ ነው፣ ይታወቅብሃል ብሎ ሳቀ። ብትጋጭ ምን ታደርጋለህ ለሚለው በትዕግሥት አዳምጬ በውይይት እፈታለሁ ስል ራሱን ነቀነቀ። አምላክ ያድርገው አለ። ሁለታችንም ደስ ብሎን ነበር።

በመጨረሻ ከመጀመሪያው እንጀምረውና እንደ እውነተኛው ፈተና እናድርገው አለ። ተነሥቼ ቆምኩ። ሸሚዜን አስተካከልኩ። አያ ሞላ ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ራስህ ንገረን አለኝ።

ነገርኩት። ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም፣ ቀበሌዬን፣ ጎጤን። ቀና ብዬ፣ ጮክ አድርጌ። ወዳጄ እንዳለው ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። የተናገርኩት ምን እንደሆነ እንኳ አልገባኝም ነበር። ድምፄ ጥሩ መውጣቱን ነበር የማስበው።

አያ ሞላ ያጣፋውን ጋቢ ለቀቀው።

"ድገመው" አለኝ።

ድምፁ በጣም ዝቅ ያለ ነበር። እኔ ግን አልሰማኝም ብዬ ከበፊቱ ይበልጥ ጮኼ ደገምኩት። ከአያቴ ስም ላይ ስደርስ ፊቱን አየሁ። ከዚያ በኋላ ነው አፌ የቆመው።

የአጎቴን ስም ጠርቶ ምንህ ነው አለኝ። ከድንጋዩ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ጋቢውን አውልቆ አስቀመጠ። የሟቹ ታናሽ ወንድም መሆኑን ያኔ አወቅሁ፤ ንገረኝ ማለት አላስፈለገኝም።

"የማን ልጅ ነህ ብዬ ጠይቄህ ነበር" አለኝ። "ዋሽተህ የወንድሜን ደም አበላኸኝ።"

ዱላው ሲነሣ አየሁት። ግራ ክንዴን ከራሴ በላይ አወጣሁ። ከክርኔ በታች ያለው አጥንት እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ሰማሁት። ሕመሙ ወዲያው አልመጣም። ሁለተኛው ጀርባዬ ላይ አረፈ። ሦስተኛው ከጆሮዬ በላይ ሲመታኝ ምድሩ ዞረብኝ። የምስክር ወረቀቴን የያዘው ፌስታል የት እንደወደቀ አላውቅም።

ወደ ወንዙ ሮጥኩ። ሩጫ ከተባለ ነው፤ እየተንገዳገድኩ ነበር። ፍየሎቹ እየጮሁ ተበታተኑ። ጠጠሩ ላይ አዳለጠኝና በአፌ ተደፋሁ። ዱላው ድንጋይ ላይ ተሰበረ መሰለኝ፤ ስዞር ቢላዋዋን ይዟል። ገና በለስ የላጠባት ቢላዋ ናት፣ ዘሩ እንኳ ተጣብቆባታል።

አንገቴን ነበር የፈለገው። ራሴን ስላዞርኩ ከጆሮዬ ሥር እስከ አገጬ ቀደደኝ። ጠባሳው ዛሬ በጢሜ ተሸፍኗል። ደሙ አንገቴን ሲያሞቀው ተሰማኝ። በደህናው እጄ ጉሮሮውን ያዝኩት፤ እሱ ጭኔን ወጋኝ። ተያይዘን ውሃው ውስጥ ገባን። ከላዬ ሆኖ ራሴን ውሃ ውስጥ ደፈቀው። ሁለት ጊዜ ውሃና ደም ዋጥኩ። ሦስተኛ ጊዜ ሲደፍቀኝ እሞታለሁ ብዬ አሰብኩ። የሚገርመው ስለ እናቴ አላሰብኩም። ስለ ፈተናውም አላሰብኩም። ያሰብኩት እሱን ስለ መግደል ነበር።

ቀኝ እጄ ከወንዙ ሥር አንድ ድንጋይ አገኘ። በጉልበቱ ላይ መታሁት። ጮኸና ሚዛኑን ሳተ። ከሥሩ ወጥቼ በአፉ መታሁት፤ ጥርሱ ተሰብሮ ከደም ጋር ሲተፋው አየሁ። ወደ ኋላው ወደቀ፤ ራሱ ከውሃው በወጣ ድንጋይ ላይ አረፈ። ደረቱ ላይ ወጣሁ። ቢላዋዋን የያዘው እጁ ሲነሣ አንጓውን በድንጋዩ መታሁት።

እዚህ ላይ በዝግታ መናገር አለብኝ።

እጁ ተከፈተ። ቢላዋዋ ወደቀች። ውሃው ውስጥ ስትገባ አብረቀረቀች፣ ከዚያም ሰጠመች። አየኋት። ሁለት እጁን ዘረጋ። መዳፎቹ ባዶ ነበሩ። "በቃ" አለኝ። ሰማሁት። ለእሱ ሁሉ ነገር አብቅቶ ነበር፤ ዓይኖቹ ላይም ይታይ ነበር። ከላዩ ተነሥቼ መሄድ እችል ነበር።

ድንጋዩን አነሣሁና ፊቱን መታሁት። ግንባሩ ተሰነጠቀ። እንደገና አነሣሁና መታሁት፤ ሁለተኛው ቀኝ ዓይኑ ላይ አረፈ። የሰማሁትን ድምፅ አልገልጸውም። የተሰማኝን ግን እገልጻለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ በሰው ስም እየተጠራሁ፣ ከቁጥቋጦ ሥር ሰው የሚነሣ እየመሰለኝ የሄድኩበት መንገድ ሁሉ ያን ጊዜ በእጄ ውስጥ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ አነሣሁ።

"በሕግ አምላክ!"

ጠና ያሉ ሴት ናቸው። አሞሌ ጨው የጫነች አህያቸውን ጥለው ከነልብሳቸው ወንዙ ውስጥ ገቡ። የሰማኋቸው ስላልመሰላቸው ይሆናል ሁለተኛ አልጮሁም። አያ ሞላ ላይ ተደፉበት። ድንጋዩን ብለቀው የሚያርፈው እሳቸው ላይ ነው። ቀሚሳቸውን ቀደው የደረቀ ጡታቸውን አወጡና "በጠባኸው ጡት" አሉኝ በአገውኛ። "እኔን ግደልና እለፍ።"

እጄ አልወርድ አለኝ። ለምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደቆምኩ አላውቅም። እሳቸው አልተንቀሳቀሱም። በኋላ ድንጋዩ ራሱ ከጣቶቼ ሾልኮ ውሃው ውስጥ ወደቀ።

ሴትዮዋ ሁለታችንንም እየጎተቱ ወደ ዳር አወጡን። ነጠላቸውን ለሁለት ቀደው በአንዱ ዓይኑን፣ በአንዱ አገጬን አሰሩ። ክንዴን በአያ ሞላ ስባሪ ዱላ ደግፈው አቆሙልኝ። አላለቀሱም፣ አልተሳደቡም። ነገሩን በቁጥብ ቃል ጠየቁን፤ ነገርናቸው። አብራችሁ በላችሁ? አሉ። በላን አልን። ያን ጊዜ ብቻ ነው በእጃቸው አፋቸውን የያዙት።

ከዚያ ማሉ አሉን። ይህ ነገር ወንድሞቹ ዘንድ ከደረሰ እኔ አልኖርም፤ እኔ ከሞትኩ የእናቴ ወንድሞች ከእሱ ቤት አንዱን ይጥላሉ፤ እያለ ይቀጥላል። ሁለታችሁም ገደል ነው የወደቃችሁት አሉ። በጊዮርጊስ አስማሉን። አያ ሞላ በተሰበረ ጥርሱ መካከል መሐላውን ሲጠራ የቀረው ዓይኑ እኔን ያይ ነበር። ሴትዮዋ እሱን በአህያቸው ላይ አድርገው ወደመጣበት መለሱት። ጨዋቸውን መንገድ ዳር በድንጋይ ሸፍነው ተዉት። ፍየሎቹን ማን እንደሰበሰባቸው አላውቅም።

ፌስታሉን ከበለሱ ሥር አገኘሁት፤ ምንም አልሆነም። እንዴት ሰቆጣ እንደደረስኩ ግን አላስታውስም። ጤና ጣቢያው አገጬን ሰፋ፣ ክንዴን ጠገነ። ገደል ወደቅሁ አልኳቸው። ነርሱ አየት አድርጎኝ እንዳልኩት ጻፈ።

በማግስቱ በወዳጄ ሸሚዝ፣ ክንዴን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ፈታኞቹ ፊት ቀረብኩ። አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ናቸው። ምን ሆነህ ነው አሉኝ። ወደ ፈተናው ስመጣ ገደል ወድቄ ነው ስል ተያዩ። ሴትየዋ ለሥራው ያለህን ፍላጎት ያሳያል አለች።

ስለ ራስህ ንገረን አሉኝ። በሩ ተዘግቶ ነበር። እንዲያም ሆኖ መጀመሪያ ዞሬ በሩን አየሁ። ነገርኳቸው፤ ድምፄ ግን ተመልሶ ወደ ጉትምትምታ ወርዶ ነበር። አገጬ ስለታሰረ ይቅርታ አደረጉልኝ። ደካማ ጎኔን ሲጠይቁኝ ሥራ ካልጨረስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም አልኩ። ከሰው ጋር ብትጋጭ እንዴት ትፈታዋለህ አለኝ አንደኛው ሰውዬ። ጥፍሮቼ ውስጥ ያለው ደም ገና አልለቀቀም ነበር፤ እጄን ከጠረጴዛው በታች አደረግሁት። በትዕግሥት አዳምጬ በውይይት እፈታዋለሁ አልኩት። ጻፈው።

ከአስር ቀን በኋላ ስሜ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወጣ። እስከ አያቴ ድረስ፣ በትልልቁ። ሌላ ሰው ቢሆን ይዘል ነበር። እኔ ቀዳድጄ ልጥለው ዳር ዳር ስል ዘበኛው ምን ፈለግህ አለኝ። እናቴ ቤት ስደርስ አገጬን በጣቷ ዳሰሰችና ገደል ስለት የለውም አለች። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ቀን ነገሩን አንሥታብኝ አታውቅም።

ሥራ ጀመርኩ። ወደ አበርገሌ እንዳይመድቡኝ እየለመንኩ ዓመታት አለፉ። እዚያው አበርገሌ፣ ኒሯቅ ገበያ አንድ ዓይኑ የጠፋ ሰው እንዳለ፣ ገደል ወድቆ እንደሆነ ከሥራ ባልደረቦቼ ሰማሁ። በየማለዳው ስነሣ ዛሬ ይናገር ይሆን እል ነበር። የእኔ ነፍስ በእሱ አፍ ውስጥ ነበረች። አንድ ቃል ቢወጣው አራት ወንድሞች አሉት፤ እኔ የምሠራበትን፣ የምሄድበትን መንገድ ሁሉ ሰው ያውቃል። አልተናገረም።

በስድስተኛው ዓመት የአጎቴ መርዶ ከሱዳን መጣ። ገዳዩ ከሞተ በኋላ ሽማግሌዎችና ካህናት እንደገና ገቡ፤ በዚህኛው ጊዜ ተሳካላቸው። በእርቁ ቀን የቤቱ ወንድ ነኝና አንገቴ ላይ ድንጋይ ተሸክሜ በሟች ወንድሞች እግር ላይ ተደፋሁ። ድንጋዩን ከአንገቴ ያነሣልኝ አያ ሞላ ነበር። ስለ ሌላው ድንጋይ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን። ሴትዮዋ አስቀድመው አርፈዋል። በግ ታረደ፤ ከአንድ ገበታ በላን። ሰው ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው በሉ ብሎ እልል አለ።

ከበላን በኋላ አያ ሞላ በእጁ ጠቅሶኝ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ ሄድን። በቅርብ ሳየው ነው የከፋው። ዓይኑ የነበረበት ጎድጉዶ ቆዳው ተጨማዷል። ልጄ ስድስተኛ ክፍል ደረሰች አለኝ መጀመሪያ። ከዚያ ሆድ ውስጥ የቀረ ነገር ካለ ዛሬ ይውጣ ብለዋል ሽማግሌዎቹ አለኝ።

"አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ። ቢላዋዋ ከእጄ ስትወድቅ አይተሃት ነበር?"

ይህንን ጥያቄ ስድስት ዓመት ሙሉ ይዞት ኖሯል። ካላየሁ ነገሩ የጠብ ነው፤ ሰው ሲጣላ ይጎዳዳል። ካየሁ ደግሞ ሌላ ነው። ይህንን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ከአጥሩ ማዶ የወንድሞቹ ሳቅ ይሰማል። እሱ ግን እነሱን የሚጠራ ሰው እንዳልሆነ ልቤ ያውቅ ነበር። ፍርሃት ነው ብል ውሸት ነው። ያፈርኩት እሱን ነው።

"አላየሁም" አልኩት። "ውሃው ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነበር።"

በአንድ ዓይኑ ረጅም ጊዜ አየኝ። እንግዲያስ ደግ ነው፣ እግዜር ይማረን አለ። ትከሻዬን ሳመኝና ወደ ሰዎቹ ተመለሰ። አምኖኝ ይሆን? አይመስለኝም። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ዋሽቼው አይቷል፤ ፊቴን ያውቀዋል።

ባለፈው ዓመት ሞተ። ለቅሶ ደረስኩ። ልጁ አሁን መምህርት ናት፤ እንግዳውን ሁሉ ታስተናግዳለች። እኔን ስታይ አባቴ ስለ እርስዎ መልካም ነበር የሚያወራው አለችኝ። መሬት መሬት እያየሁ ወጣሁ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ሁለቱም ነኝ፤ ሁለቱንም አልረሳሁም። አገጬ ላይ ስላለው ቁስል ቂም የለኝም፤ ወንድሙን ያጣ ሰው ነበር። ዓይኑን ስላጠፋሁትም የንስሐ አባቴ ቀኖና ሰጥተውኛል፤ ፈጽሜያለሁ። የማይለቀኝ የአጥሩ ጀርባ ነው። ሰውየው ዓይኑንም ነፍሴንም ትቶልኝ አንዲት ቃል ብቻ ለመነኝ። እሷን ነፈግሁት።

አያ ሞላ፣ አይቻት ነበር።